በቦረቦሩ በኩል የሚያልፈው መንገድ

ኑ፣ ጠጋ በሉ ልጆቼ። አንቺም በሩ ላይ የቆምሽው ግቢና ተቀመጪ፤ ቦታ አይጠፋም። ስለ አንዲት ግንበኛና ስለ ወንድሟ ባርኔጣ ላጫውታችሁ።

ግንበኛዋ ድንጋይ ገና ስታነሳ ፊቱ በየት በኩል እንደሆነ የምታውቅ ሴት ነበረች። ከመንደሩ በላይ ያለው ተራራ ዛፉ አልቆ፣ አፈሩ ተጠርጎ፣ መሀሉን ትልቅ ቦረቦር ሰንጥቆት ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ቦረቦሩ አፉን እያሰፋ ወደ ቤቶቹ ይጠጋል። እሷና ባሏ ከታች ጀምረው ጎርፉን የሚያበርድ የድንጋይ ክትር ደረደሩበት። ሥራው እኩሌታው ላይ ሲደርስ ባሏ ሞተ። እሷ ግን አልተወችውም፤ ለእንጀራዋ የሰው ቤት ስትገነባ ውላ መዶሻዋን ይዛ ትወጣለች። ታች፣ ክትሮቹ አፈር በያዙበት፣ ሣር አቆጥቁጧል። ላዩ ግን ገና ቁስል ነው።

አንድ ቀን መንደርተኛው በመንደሩ ማኅበር ቢሮ ተሰበሰበ። ተራራውን ለጎብኚ እንክፈተው፣ በሚገኘውም ገቢ መልሰን እናልብሰው ተብሎ ነው። ሊቀመንበሩ የግንበኛዋ ታናሽ ወንድም ነበር፤ መላጣው እንዳይታይበት ቤት ውስጥ እንኳ ባርኔጣውን የማያወልቅ። ጠመኔ አንስቶ የጎብኚውን መንገድ ሰሌዳው ላይ ሣለ። በምንጩ፣ በችግኞቹ እያለ መጣና፣ ቦረቦሩ ጋ ሲደርስ ጥምዝ አድርጎ አዞረው።

«ገቢው የሚውለው መንገዱ ለሚያልፍበት ቦታ ነው ብለናል» አለች ግንበኛዋ ከኋላ ወንበር። «ታዲያ ቦረቦሩን ማን ሊጠግነው ነው?»

«እቴቴ፣ ገመናችንን ለእንግዳ እናሳይ እንዴ?»

«ገመና የምትለው እኔ ዕድሜዬን የገፋሁበትን ነው?»

«እንዲያ አልወጣኝም። ሰው ለምለም ነገር ማየት ይወዳል ነው የምለው።»

«አይ አንተ! ባርኔጣ ስለደፋህ መላጣህን ያላወቀ ያለ ይመስልሃል?»

ቢሮው በሳቅ ተናጋ። የማኅበሩ ሹፌርማ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ሊቀመንበሩ ባርኔጣውን ወደ ግንባሩ ሳብ አድርጎ፣ «መጀመሪያ በሙከራ እንየው» ብሎ ስብሰባውን በተነ።

በሙከራው ቀን ሹፌሩ ከከተማ እንግዶች ይዞ መጣ፤ ሊቀመንበሩም ከፊት እየመራ ያስጎበኛቸው ጀመር። ግንበኛዋ መቼም በዚህ አያልፉም ብላ ቦረቦሩ ውስጥ ድንጋይዋን መጥረብ ቀጠለች። ጥምዙ ጋ ኮቴ ሲቆም ሰማች።

«ይሄ ቋ ቋ የሚለው ምንድን ነው?» አለች አንዲት እንግዳ።

ግንበኛዋ መዶሻዋን አየር ላይ እንደያዘች ቀረች። ምንም አይደል ሊላት ነው፣ አለች በልቧ። ካለማ መንገዱም አለፈ፣ የባሌንም ልፋት ጎርፍ በላው። የወንድሟ ኮቴ ወዲያ ወዲህ ሲል ተሰማት።

«እህቴ ናት» አለ በመጨረሻ። «ኑ፣ ላሳያችሁ።»

እንግዶቹ አፋፉ ላይ ደርሰው ገደሉን ሲያዩ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። ከዚያ ታች ወደ ሣሩ አዩ።

«ያም እንደዚህ ነበር?»

«ይብስ ነበር እንጂ!» አለ ወንድሟ፤ ደረቱ ተነፋ። «እሷና ባሏ ናቸው ያዳኑት። ቤቶቻችን የቆሙት በነሱ ነው።»

ግንበኛዋ አቧራ ገባብኝ ብላ ዓይኗን ጠረገች።

«እኛስ አንዳንድ ድንጋይ ብናኖር?» አለች እንግዳዋ።

«ኑ ውረዱ። ሰፊው ፊቱ ወደ ውጭ፣ ጭራው ወደ ውስጥ። እንዲያ ካልሆነ ጎርፍ ይነቅለዋል» አለች ግንበኛዋ።

ወንድሟም ሊያግዝ ጎንበስ ሲል ባርኔጣው ወልቆ ቦረቦሩ ውስጥ ተንከባለለ። ራሱን ዳሰሰ። እህቱን አየት አደረጋት። ከዚያ ባርኔጣውን ትቶ ድንጋዩን አነሳ።

«ጋሼ፣ ተራራው በለጠዎት» አለ ሹፌሩ። «እሱስ ማቆጥቆጥ ጀምሯል!»

ከሁሉ በፊት የሳቀው ራሱ ሊቀመንበሩ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ጥምዙን በመዳፉ አጥፍቶ መንገዱን በቦረቦሩ በኩል አሳለፈው።

ዛሬ ክትሩ እስከ ቦረቦሩ አናት ድረስ ወጥቷል። የመጣ እንግዳ ሁሉ ድንጋይ አኑሮ ይሄዳል፤ ተራራውም ለብሷል። የመጀመሪያው ክትር ግን አይታይም፤ አፈር ሞልቶት ሣር ተኝቶበታል። እንግዲህ ልጆቼ፣ በዚያ ስታልፉ ቀስ ብላችሁ ርገጡ፤ ከሣሩ ሥር የሁለት ሰው እጅ እንዳለ እባካችሁ አስታውሱልኝ።