ሻማ ያለበት ፖስተር

ሚኒባሱ ገና ሳይቆም ለቅሶው ጀመረ።

ትዝታ በመጀመሪያ ተዋናዮቿ መስለዋት ደስ አላት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጓደኞቿን ጋሽ አዳም ግቢ ውስጥ አሰልፋ ለፊልሟ እንዲያለቅሱ ስትለምናቸው፣ ሽንኩርት ስታሸታቸው፣ መጨረሻ ላይም ስትሰድባቸው ነበር ያረፈደችው። አንዷ ማልቀስ ስትጀምር ሌላዋ ትስቃለች። ጋሽ አዳም ቤት ውስጥ መደቡ ላይ ጋቢ ተከናንበው “ሞተዋል”፤ በየመሀሉ ግን “አልጨረሳችሁም? ወገቤ እኮ አለቀ!” ይላሉ። እንዲህ ለሚነጫነጭ ሟች ማን ያለቅሳል?

ይሄኛው ለቅሶ ግን ከውጭ ነበር። ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው ነጠላቸውን ለሐዘን ያዘቀዘቁ ሴቶችና በትር የያዙ ወንዶች ከሚኒባሱ እየተገፋፉ ወረዱ። ከፊት ያሉት ቀጠን ያሉ ሴትዮ ደረታቸውን እየደቁ፣ ትዝታን እንደ አጥር ግንድ ገፍተው አልፈው ቤት ገቡ። የጋሽ አዳም እህት፣ እትዬ ይማርሽ ነበሩ፤ ከገነተ ማርያም።

ጥፋቱ የሙሉሰው ነው። እሱ ግን ቢጠየቅ ጥበብ ነው ይላል። የፊልሙ ቀራጺም፣ አቀናባሪም፣ አስተዋዋቂም እሱ ነው፤ ከተማሪዎቹ ሌላ ካሜራ ያለው ስልክ የያዘ ስለሌለ። ፊልሙ “ደህና ሁኑ” ይባላል፤ እንግዳ ሲጠፋ ያረጀች የአስጎብኚ ባጁን አንጠልጥሎ በየጠዋቱ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እየተቀመጠ፣ እየጠበቀ የሚሞት የላሊበላ አስጎብኚ ታሪክ ነው፤ አስጎብኚውን ሆነው የሚሠሩት ጋሽ አዳም ናቸው። ሙሉሰው ትናንት ማታ የጋሽ አዳምን ፎቶ ጥቁርና ነጭ አደረገው፤ ከጎኑ የበራ ሻማ አስቀመጠ፤ ከሥሩ “ጋሽ አዳም፦ ደህና ሁኑ” ብሎ ጻፈና በቴሌግራም ለቀቀው። ሰው እንዲጓጓ ብሎ ፊልም የሚል ቃል አላስገባበትም። እንዲህ ያለ ምስል ሲያይ “ነፍስ ይማር” የማይል ወሎዬ ከየት ይመጣል? ዘመድ ሁሉ ሲደውል አደረ። በጋሽ አዳም ሰፈር መብራት ጠፍቶ ስለሰነበተ ግን ስልካቸው ዝግ ነው። እውነቱን ለመናገር የሞተው ስልኩ ብቻ ነበር።

ትዝታ ተከትላ ስትገባ እትዬ ይማርሽ ጋቢ የለበሰው ገላ እግር ሥር ወድቀዋል። “እትዬ! እትዬ ይማርሽ!” አለች። ማን ይስማት! እትዬ ይማርሽ በአካባቢው ሙሾ አውራጅነታቸው የታወቀ ነው፤ ድምፃቸው ወጣ።

“ተነስ የናቴ ልጅ፣ እርሻውን ውሰደው፣
አንተ ካልኖርክበት ለማን ነው የማርሰው!”

ግቢው ሁሉ አብሮ አነባ። ሽንኩርት ያላስለቀሳቸው የትዝታ ጓደኞች ሳይቀሩ ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ሁሉም ያውቃል፤ እህትና ወንድም እናታቸው ከሞቱ ወዲህ በእርሻ ድንበር ተካሰው፣ በሽማግሌ ታይተው፣ ጨርሰው ተኮራርፈው ነው የኖሩት። ለፋሲካ እንኳ አልተጠያየቁም።

ትዝታ የጋሽ አዳም እግር ጣቶች በጋቢው ሥር ሲንቀሳቀሱ አየች። ሰምተዋል። ግን አልተነሱም። ሙሾው ሁለት ጊዜ ተደጋግሞ ነው ጋቢው ቀስ ብሎ ከፊታቸው የወረደው።

“ይማርሽ” አሉ፤ “እውነትሽን ነው?”

“በስመ አብ!” የሚል ጩኸት ቤቱን ሞላው። ንፍሮ የተሸከመ አንድ ደንዳና ሰውዬ አገልግሉን ጥሎ ከሁሉ ቀድሞ ወጣ። እትዬ ይማርሽ አልሸሹም። የወንድማቸውን ፊትና ጆሮ ዳበሱ፣ ከዚያ በሙሉ ክንዳቸው የጋሽ አዳምን ትከሻ መቱ።

“ትተነፍሳለህ?”

“እተነፍሳለሁ እንጂ።”

“ታዲያ ስጮህ ምን ዘግቶህ ነው?”

“ትንሽ ልስማሽ ብዬ ነዋ። ስንት ዘመን ድምፅሽን ነፍገሽኝ!”

እትዬ ይማርሽ ቁጣቸውን ወደ ትዝታ አዞሩት። “በቁሙ አስለቀስሽኝ! ባለፈው መጥተሽ ‘ፊልም ላይ አልቅሱልን’ ስትይኝ ምን አልኩሽ? ላልሞተ ሰው አይለቀስም፣ ሟርት ነው አላልኩሽም?”

“ብለውኛል እትዬ። ይቅር ይበሉኝ፤ በፖስተሩ ይሄ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም” አለችና ትዝታ ጉልበታቸውን ያዘች። እውነቷን ነበር፤ እፍረቱ ፊቷን አቃጥሎታል።

ሰው እየተመለሰ፣ እየሳቀ፣ እንደገና እያለቀሰ ግቢው ውስጥ ተቀመጠ። ከአገልግሉ የተረፈው ንፍሮ ለሳቅ ተበላ። ሙሉሰው ግን ትዝታን በክንዷ ስቦ ከቤቱ ጀርባ ወሰዳት። ስልኩን አልዘጋውም ነበር፤ ለቅሶውን ሁሉ ቀርጾታል።

“እይ” አላት።

አየች። የእትዬ ይማርሽ እጅ፣ ድምፅ፣ የተዘቀዘቀው ነጠላ፣ ከጣራው ሥር የሚገባው ብርሃን። ትዝታ ፊልም መሥራት ስትመኝ የምትመኘው እንዲህ ያለውን ነበር። ባለፈው ሳምንት ፊልሙን ለክፍሉ ስታሳይ ሰው ማልቀስ በሚገባው ቦታ ክፍሉ በሳቅ ፈርሶ ነበር፤ ለዚህ ነው ዛሬ ለቅሶውን ደግማ የምትቀርጸው። ያን ቀን ቤቷ ገብታ እሷ ራሷ እውነተኛ ለቅሶ አለቀሰች፤ የሚቀርጽ ግን አልነበረም። የደሴው የተማሪዎች ውድድር ፊልም የሚቀበለው እስከ ዛሬ ማታ ነው። ለከርሞ ደግሞ እሷ ተማሪ አይደለችም።

“ይሄ ካልገባ ምን ሊገባ ነው?” አለ ሙሉሰው። “እግዜር ራሱ ነው በሚኒባስ ጭኖ ያመጣልን።”

“ሴትየዋ አታውቅም እኮ።”

“ስናሸንፍ ታውቃለች።”

“ምኑን ነው የማውቀው?” እትዬ ይማርሽ ከኋላቸው ቆመዋል። ሙሉሰው ስልኩን ሊደብቅ ሲል ትዝታ ቀማችው።

“ሲያለቅሱ ተቀርጿል እትዬ። ይዩት።”

ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው አዩት። ከንፈራቸው ሙሾውን አብሮ ይል ነበር። ሲጨርስ በነጠላቸው ጫፍ የስልኩን መስታወት ጠረጉ።

“ለእናቴም እንዲህ አላለቀስኩ” አሉ በመጨረሻ። “ልጄ፣ ላልሞተ ሰው የተለቀሰ ለቅሶ አይቀመጥም። ሰው ባየው ቁጥር ወንድሜን ልትገድይብኝ ነው? እኔ አላስገድድሽም። ስልኩ የናንተ ነው። አንቺ ታውቂያለሽ።” ስልኩን መልሰውላት ወደ ሰዉ ሄዱ።

ስላላስገደዷት ባሰባት። ቢቆጧት ትከራከር ነበር። በግድግዳው ጥግ ወደ ግቢው ተመለከተች። ጋሽ አዳም ለእህታቸው ከመደቡ ላይ ቦታ ሲለቁ፣ እትዬ ይማርሽ እንቢ ሲሉ፣ ኋላ ሲቀመጡ አየች። ጋሽ አዳም ከንፍሮው ዘግነው በእህታቸው መዳፍ ላይ አደረጉላቸው። ማንም “አክሽን” አላላቸውም። ማንም ሽንኩርት አላሸተታቸውም።

ትዝታ ጣቷን ስልኩ ላይ አሳረፈች። ሙሉሰው “ኧረ በጊዮርጊስ! ቢያንስ ለኔ አስቀሪልኝ!” እያለ አጠፋችው። ጥርስ እንደማስነቀል ነበር። ከዚያ ስልኩ “ለዘለዓለም ይጥፋ?” ብሎ ሲጠይቃት፣ አዎ አለችው።

“አለቀልን” አለ ሙሉሰው መሬት ላይ ዘጭ ብሎ።

“አላለቀም። ጋሽ አዳም አይሞቱም።”

“ምን?”

“ፊልሙ ላይ አስጎብኚው አይሞትም። ሁልጊዜ እንግዳ እየጠበቀ ነበር አይደል? እንግዳዋ መጣች። ተነስ፣ ብርሃኑ ሳይሄድብን።”

“ስሙስ? ደህና ሁኑ ነው እኮ የሚለው! ፖስተሩስ?”

“ስሙን ማታ እናስብበታለን። ሻማውን ግን አሁኑኑ አውጣው፤ ፍላቂት ያሉት ዘመዶችም ሳይመጡ።”

ሙሉሰው እየሳቀ ተነሳ። ትዝታ ስልኩን ይዛ መደቡ ፊት ቆመች፤ ወደ ዓይኗ ግን አላነሳችውም። ለቅሶኛውም፣ ተማሪውም ወደ እሷ ዞረ።

“እትዬ ይማርሽ” አለች፤ “ከጋሽ አዳም ጋር እንደተቀመጣችሁ ልቅረጻችሁ? እንቢ ካሉኝ እተወዋለሁ።”

እትዬ ይማርሽ መጀመሪያ ወንድማቸውን አዩ። ጋሽ አዳም ባጃቸውን ደረታቸው ላይ እያስተካከሉ ነበር። ከዚያ እትዬ ይማርሽ ንፍሮውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ትከሻቸው አነሡ።

“ቆይ” አሉ፤ “መጀመሪያ ነጠላዬን ልመልስ።” ጥለቱንም ወደ ታች አወረዱት።