አሸዋ አንባቢዋ ሚስቴ

ቅናት የደካሞች በሽታ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች የገዛ ሚስታቸው ለሌላ ወንድ መንገድ ስትመራ በሬዲዮ ሰምተው አያውቁም። እኔ ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ ዝም ይበሉ።

ለመዝናናት በበረሃ አሸዋ ላይ በምንነዳበት የአሸዋ ነጂዎች ማኅበራችን ከሾፌሩ ጎን የሚቀመጠው ሰው «አንባቢ» ይባላል። ሾፌሩ መሪውን ይይዛል፤ አንባቢው የአሸዋውን ቀለምና ጥላ አይቶ የቱ ጠንካራ፣ የቱ አስማጭ እንደሆነ ይነግረዋል። ሚስቴን የሚያህል አንባቢ የለም። ከሠርጋችን በፊት ጀምሮ የምታነበው ለእኔ ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋት ለአሸዋው ብለን ጎማ እያስተነፈስን ሳለ የማኅበሩ ሊቀመንበር መጣ።

«ዛሬ ከፊት የሚሄደው የጥርስ ሐኪሙ ነው። መንገዱን አያውቀውም፤ ባለቤትህ እሱ ጋ ትቀመጥ።»

«ለእኔስ ማን ያነብልኛል?»

«አንተማ ሁሉን ታውቅ የለ!»

ሳቀ። ሚስቴም ሳቀች። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትሄድ ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም። ጥርስ ነቃዩ በሩን ከፈተላት። እኔ በር ከፍቼላት አላውቅም፤ በሩ እጀታ አለው እኮ!

ተነሳን። ሬዲዮው ለሁላችን ክፍት ስለሆነ እያንዳንዷ ቃል ትደርሰኛለች።

«ግራህን ያዝ... ቀስ... አሁን ስጠው!»

«እሺ እመቤቴ» ይላል እሱ።

እመቤቴ! ደሜ ፈላ። ያቺ «አሁን ስጠው» የእኔ ነበረች፤ በእኔ መኪና ውስጥ፣ ለእኔ ጆሮ ብቻ ስትባል የኖረች።

ትልቁ የአሸዋ ክምር ስር ደረስን። ከአናቱ ወዲያ ያለው ስለማይታይ እዚህ ጋ ሕግ አለ፤ የፊተኛው «ወርደናል» ሳይል ሁለተኛው አይንቀሳቀስም። የእነሱ መኪና ወጣና ከአናቱ ወዲያ ተሰወረ። ጠበቅሁ። ሬዲዮው ጭጭ አለ። ከዚያ ማን የሬዲዮውን ቁልፍ እንደነካው እንጃ፣ የሚስቴ ሳቅ መጣ፣ ያ ከሆዷ የሚወጣው ሳቅ። ከዚያ እንደገና ጭጭ።

ያንን ሕግ ያወጣው ሚስቱ ጎኑ የተቀመጠችለት ሰው ነው። ነዳጁን ረገጥሁት።

አናቱ ላይ ስደርስ መኪናቸው ከእግሬ ስር ቁልቁለቱ ላይ ቆሟል። አሸዋው ጎማውን ውጦት ሁለቱም በአካፋ ይቆፍራሉ። ፍሬን ያዝሁ። መኪናዬ በሆዱ ጫፉ ላይ ተጋደመ፤ የፊት ጎማዎቹ አየር ላይ ቀሩ።

ሚስቴ እያለከለከች ወደ እኔ ወጣች። «አንተ ሰው! ልትጨርሰን ነው?»

«ምን ነበር የሚያስቅሽ?»

«ተሳስቼ አነበብኩና አሰመጥኩት። እሱ ‹አይዞሽ፣ እኔም ጤነኛ ጥርስ ነቅዬ አውቃለሁ› አለኝ፤ ሳቅሁ። አንተ ጋ ተሳስቼ ስቄ አውቃለሁ?»

«መቼ ከለከልኩሽ?»

«ይኸው፣ አሁንም ክርክር! ለአፍ ዳገት የለውም።»

«ነይ ግቢ፤ አንብቢልኝ» አልኋት። ከእኔ አፍ ይህ ልመና ነው። ትንሽ አየችኝና ከጎኔ ገባች። ጥርስ ነቃዩ አካፋውን ተደግፎ ከታች ሲያየን ልቤ ቅቤ ጠጣ።

«ወደ ኋላ አስገባ» አለች። «በመጣህበት ቀስ ብለህ ውረድ።»

ልክ መሆኗን እጄም እግሬም ያውቃሉ። ግን እሷን ጎኔ አስቀምጬ በዚያ ሰውዬ ፊት ላፈግፍግ?

«ወደ ፊት ይሻላል፤ በቀኛቸው አልፋለሁ።»

በሩን ከፈተች፣ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች፣ ቁልቁለቱን ጀመረች። ሐኪሙ አካፋዋን አንስቶ አቀበላት።

ሬዲዮውን አነሳሁና ወደ ፊት የሚሻልበትን ምክንያት አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። የመኪናቸው በር ክፍት ስለነበር ድምፄ ከታች ሲጮኽ ይሰማኛል። ከሁለቱ አንዳቸውም ቀና አላሉም።