የደረጃው ጠባሳ

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ ሰምተሻል?» አለቻት ያቺ ምላሷ ልጓም የሌላት የወህኒ ዘበኛው ሚስት፣ በአጥር አንገቷን አስግጋ። «እስረኞቹን አስተዳደጋቸውን እየጠየቋቸው ነው አሉ። ከዚያ እናት ትጠራለች። ቃሏ ከልጇ ጋር ከገጠመ በአመክሮ ይወጣል፤ ካልገጠመ ውሸታም ተብሎ እዚያው! ከሷ ሰማሁ እንዳትዪ ታዲያ።»

ስትሰማት የነበረችውን ልብስ ሰፊ መርፌው ጣቷን ወጋት። የታሰረው ልጇ ቅንድብ ላይ ጠባሳ አለ፤ ስለ እሱ ሳይጠይቁት አይቀሩም። ሟች ባሏ ሰክሮ በቀበቶ ዘለበት የመታው ነው። እሷ ግን ለልጁም ለሰፈሩም «ከደረጃ ወድቆ ነው» ስትል ነው የኖረችው። አሁን ምን ብሎ ይሆን? ትልቅ ሰው ሆኗል፤ የአባቱን እጅ እንዴት ይረሳል? እሷ ደረጃ ብላ እሱ ቀበቶ ቢል፣ በገዛ አፏ ልጇን ቆለፈችበት ማለት አይደል?

እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ነጋ። ተጠርታ የወህኒ ቤቱ ቢሮ ገባች። ጠያቂዋ ልጅ እግር ናት።

«እማማ፣ ቅንድቡ ላይ ያለው ጠባሳ ከምን መጣ?»

«አባቱ ነው፣ ልጄ። በቀበቶ።»

ጠያቂዋ ቀና አለች። «እሱ እኮ ከደረጃ ወደቅኩ ነው ያለው። ሳሙና ፈሶበት ያዳለጠው ሁሉ ትዝ ይለዋል።»

ወይ ጉድ! ሳሙናውንም የጨመረችው እሷው ናት፣ ወሬው እንዲያምር! «አልዋሸም! እኔ ነኝ እንዲያ ብዬ የነገርኩት!» ብላ ጮኸች።

«እንግዲያው ጎረቤት መጥቶ ይመስክር። አለዚያ አመክሮው ይቀራል።»

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱ ቤቷ ተሰበሰበ። «እኔ ምን አውቄ?» አለ ግድግዳ የሚጋራት አናጢ፣ መሬት መሬት እያየ። የዘበኛው ሚስትማ ባሰባት፦ «የእስረኛ ቃል ምኑ ይታመናል? ባሌ ሁሌ ይላል፣ ዛሬ ያሉትን ነገ አይደግሙትም።»

ልብስ ሰፊዋ የአንዱን ፊት ትታ የሌላውን ታያለች።

ይሄኔ አብሮ አደጓ ጠጉር ሠሪዋ ብድግ አለች። «እስቲ ውጡና ደረጃውን አሳዩኝ! እዚህ ግቢ ደረጃ የሚባል መቼ ነበር? እሱ ሕፃን ነበር፣ የነገሩትን አመነ። በግድግዳ ጩኸቱን እየሰማን ‹ወይ ክፉ ደረጃ!› ያልነው እኛስ፣ ጡት አልጣልንም ነበር?»

አናጢው ከመሬት ቀና ብሎ፣ «ነገ እኔ ሄጄ እመሰክራለሁ» አለ።