የላስቲክ በር
ሐኪሙ እናቷን «ደረትዎን የሚጎዳው የሳሎኑ ግድግዳ ሻጋታ ነው» ካለ ወዲህ ልጅቷ እንቅልፍ አልነበራትም። ልስኑን አስፍቃ በአዲስ ልታስለስን ሁለት ለሳኞች ጠራች። ሥራው እስኪያልቅ እናቷን ሌላ ቤት ልታሳርፍ ብትለምን፣ «ከቤቴ የምወጣው በቃሬዛ ነው» ብላ እቅጯን ነገረቻት። ከዚህች ሴት ጋር ተሟግቶ ማን ረትቶ ያውቃል?

ስለዚህ ከመኝታ ቤቱ ወደ ሳሎን የሚያወጣውን በር ከላይ እስከ ታች በላስቲክ ሸፍና ዳር ዳሩን በፕላስተር አሸገችው። ከሥሩ እርጥብ ፎጣ ወተፈችበት። መግቢያ መውጫው በጓሮ በር ሆነ። ለሳኞቹንም ግድግዳውን ውሃ እያርከፈከፉ እንዲፍቁ ለመነቻቸው፤ እሺ አሉ። አቧራ ግን እሺ የሚል ነገር አይደለም።

እናቷ ሁለት በሽታ አለባት፤ አስምና ይሉኝታ። የሚብሰው ሁለተኛው ነው። «ሰው ቤቴ እየለፋ እኔ እንደ ሌባ ልሸሸግ?» ትላለች። ልጅቷ ወደ ኩሽና ዘወር ስትል ፕላስተሩ ሲላጥ ይሰማታል።

«እንዴት ዋላችሁ ልጆቼ? ውሃ ሰጧችሁ? በርቱ፣ አይዟችሁ።»

ልጅቷ ሮጣ መልሳ ታሽጋለች። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይላጣል። በመጨረሻ ፕላስተሩም ታከተውና መያዝ ተወ።

«እማዬ፣ ገደልሽኝ እኮ። ይሄ ሁሉ መከራ ላንቺ ትንፋሽ ነው።»

«ሰላም በማለት የሞተ ሰው የለም» አለች እናቷ፣ እየሳለች።

ከሰዓት በኋላ ደረቷ ተዘጋ። ልጅቷ በጓሮ ስትገባ እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትንፋሿ ሲር ሲር ይላል፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። የሚነፋውን መድኃኒት አፏ ውስጥ ደጋግማ ነፋችላት። ለውጥ የለም። ስልኳን አንስታ ታክሲ ጠራች። እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

ለሳኞቹ ሳሉን ሰምተው ኖሮ መፋቂያቸውን ጥለው፣ ላስቲኩን ገልጠው ገቡ። ከፀጉራቸው እስከ ጫማቸው ዱቄት የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ። ትልቁ ለሳኝ ለአክብሮት ቆቡን አውልቆ እጁ ላይ መታ መታ አደረገው፤ ብናኙ ክፍሉን ሞላው።

«እግዜር ይማርዎት እናቴ። ምን ሆኑብን?» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ልጅቷ «ውጡልኝ» ልትል አፏን ከፈተች። መልሳ ገጠመችው። ጭንቅ ብሎት የታመመ ሊጠይቅ የመጣን ሰው ምን ተብሎ ይባረራል? ለካ ይሉኝታው በዘር ኖሯል። በገዛ ራሷ ተናደደች፤ ግን አልቻለችም።

እናቷ እጇን ያዝ አደረገቻት። አንድ ትንፋሽ ፈልጋ፣ ሌላ ፈልጋ፣ እንደ ምንም አገኘች።

«ወንበር... አምጪላቸው።»

ልጅቷ ሁለት ወንበር አመጣች። በእርጥብ ጨርቅ ወለወለቻቸውና እናቷ አጠገብ አስቀመጠችላቸው።