መዝጊያ ያለው ቱቦ

አድማሱ ሰው የሚፈራ ሰው አልነበረም። ከዳኛ ፊት ቆሞ የድንበር ክርክር ረትቷል፤ በረቱ የገባ ጅብ በዱላ አባሯል። አማቱን እመት ወለተ ሚካኤልን ሲያይ ግን ምላሱ ይተሳሰርና ከአፉ የሚወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እንዳሉ እሜቴ»። የጋይንት ሰው ይህን ጨዋነት ይለዋል። ይበል።

ሚስቱ ዓለሚቱ ደረቷን ያማት ነበር። የእንጨትና የኩበት ጭስ ሲነካት ሳሉ ያጣድፋትና ትንፋሿ እንደ ወናፍ ያፏጫል። አረገዘች ሲባል ደብረ ታቦር ወስዶ አሳይቷት ነበርና የመረመራት የሐኪም ቤቱ ድሬሰር በግልጽ ነገረው፤ «አራስ ሆና ጭስ ያለበት ቤት ከተኛች አትተርፍም።» ጋይንት ደግሞ በክረምት ያለ እሳት አይታደርበትም። ደግነቱ አድማሱ ድሮ ቤቱ ተቀጥሮ ያገለገለው የወረዳ ጸሐፊ ሲዛወር አንድ የብረት የከሰል ምድጃ ትቶለት ሄዷል። የጭስ መውጫ ቱቦው ግን ዝጎ ተበጣጥሷል። ስለዚህ በሰኔ፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ አድማሱ አዲስ ቱቦ ሊመርጥ አርብ ገበያ ወረደ። አማቱም ልጃቸውን ሊያርሱ ከእስቴ መጥተው ነበርና «የአራስ ቤት ዕቃ ወንድ ብቻውን አይመርጥም» ብለው ተከተሉት።

ቆርቆሮ ሠሪው ቢሻው ይባላል፤ ደሴ ሄዶ ብየዳ ተምሮ የመጣ ሰው ነው። ሁለት ቱቦ ከግድግዳው ላይ አስደግፎ ጠበቃቸው።

«ይኸኛው ቀዳዳው ወለል ያለ ነው» አለ አንደኛውን በጣቱ እያንኳኳ። «ወፍራም ቆርቆሮ ነው፤ ዝገት ቶሎ አይበላውም። በግድግዳው አውጥተህ ጫፉን ወደ ላይ ትመልሰዋለህ። በሣር ክዳኑ መካከል እንዳታወጣው፤ ቤትህን ያነድብሃል።»

«ያኛውስ?» አሉ እመት ወለተ ሚካኤል።

ያኛው ቀጠን ያለ ሆኖ ወገቡ ላይ መዝጊያ ተሠርቶለታል። ከውጭ ያለችውን ጆሮ ሲያዞሯት በውስጡ ያለው ክብ ቆርቆሮ ይጋደምና ቀዳዳውን ድፍን ያደርገዋል። ቢሻው አዙሮ ሲያሳያቸው የሴትዮዋ ፊት በራ።

«እሰይ! ብርድ ሲመጣ ይዘጋላ!»

«የለም እናቴ፤ ይኸ የሚዘጋው እሳቱ ሲጠፋ ነው። ከሰሉ እየነደደ ከዘጉት ቤት ያለውን ሰው ይመታል።»

«ከሰል ጭስ አለው እንዴ?»

«ጭስስ የለውም።»

«ጭስ ከሌለው ታዲያ ምኑን ነው የሚያወጣው? ብርድ ማስገቢያ ነው እንጂ!»

አጠገባቸው በርበሬ የምትሸጥ ሴት ሳቀች። ቢሻው ጭንቅላቱን አከከ። «እንጃ እናቴ፤ ብቻ ይመታል» አለና የቸገረው ዓይኑን ወደ አድማሱ መለሰ።

አድማሱ ነገሩን ያውቀዋል። ጸሐፊው ቤት ሳለ የዚሁ ምድጃ ቱቦ በወፍ ጎጆ ተደፍኖ የቤቱ ድመት በተኛችበት ሞታ ስትገኝ አይቷል፤ ጸሐፊውም «የከሰል ትንፋሽ ነው፤ ሰውንም ፊቱን አቅልቶ እንደ ተኛ ይገድለዋል» ብሎት ነበር። ወለል ያለውን መምረጥ እንዳለበት ልቡ ነግሮታል። ግን በገበያ መካከል፣ በርበሬ ሻጯ እየሰማች፣ አማቱን «ተሳስተዋል» ሊላቸው ነው? «አማቱን በሰው ፊት አዋረደ» የሚለው ወሬ እኮ እነሱ ቤታቸው ሳይገቡ እስቴ ይገባል። ይሉኝታ ያዘው።

«እንዳሉ እሜቴ» አለና መዝጊያ ያለውን ቱቦ ተሸከመ።

መንገድ ላይ አንድ ዘዴ አሰበ። ጆሮዋን በሽቦ ጠፍሮ ቢያስራት ማንም አያዞራትም። ሽቦም አገኘ። ነገር ግን ቱቦውን ተክሎ ከጨረሰ በኋላ ሽቦውን ይዞ ወደ ምድጃው በተጠጋ ቁጥር አማቱ ከኋላው ቆመው «ደሞ ምን ልታበላሽ ነው?» ይሉታል፤ እሱም «ኧረ ምንም» ብሎ ሽቦውን ከኪሱ ይከታል። ለዓለሚቱ በጆሮዋ «እስቲ እናትሽን ንገሪያቸው» ቢላት ከት ብላ ሳቀች። «የኔን ቃል መቼ ሰምታ! አንተ ንገራት፤ አንተን ትወድሃለች» አለችው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ ራሱን አጽናና። እውነት ነው፣ ዝንብ አልገባም።

ዓለሚቱ በሐምሌ መጨረሻ ማርያም ማረቻትና ወንድ ልጅ ወለደች። ለጥየቃ የመጡ ሴቶች ሁሉ ጭስ የሌለውን ሙቅ ቤት እያዩ ተደነቁ። ዓለሚቱ አልሳለችም፤ ገንፎዋን በላች፣ ፊቷ ተመለሰ። እመት ወለተ ሚካኤል ለገባው ሁሉ «ቱቦውን የመረጥሁት እኔ ነኝ» ይላሉ። አድማሱ ግን ከቤት አልወጣ አለ። አንዴ አጥር ይጠግናል፣ አንዴ ሞፈር ይጠርባል፤ ዓይኑ ከዚያች ጆሮ ላይ ነው። ባልንጀሮቹ «አራሱ አንተ ነህ ወይስ ሚስትህ?» እያሉ ሲቀልዱበት አፈረ። በፍልሰታ ጾም የነፍስ አባቱ «ምነው ጠፋህ?» ብለው ሲልኩበት ደግሞ ምክንያት አጣና ከሰዓት በኋላ ቅዳሴ ሄደ። የመንደሩ ሰው በሙሉ እዚያው ነበር።

ቅዳሴው ተጋምሶ ሳለ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ። ከጉና ተራራ የሚነሳው ነፋስ በቤተ ክርስቲያኑ በር ገብቶ ጧፉን አጠፋው። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናነቡ። አድማሱ ግን ላብ አጠመቀው። እንዲህ ሲበርድ አማቱ ምን እንደሚያደርጉ ሳያይ ታየው። ቅዳሴ አቋርጦ መውጣት ነውር መሆኑን እያወቀ ሰዉን እየገፈተረ ወጣና በጭቃው ላይ ሮጠ።

ከግቢው ሲደርስ መጀመሪያ ያየው የቱቦውን ጫፍ ነው። ሌላ ቀን ዝናብ ሲነካው ችስስ እያለ ይተን ነበር፤ አሁን ውሃው በላዩ ላይ ዝም ብሎ ይወርዳል። ቀዝቅዟል። በሩን ገፋው፤ ከሥሩ አጎዛ ተወትፎበት እምቢ አለ። በትከሻው በረገደው።

ቤቱ ይሞቃል። እመት ወለተ ሚካኤል ምሰሶውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። «ራሴን… ራሴን አዞረኝ» አሉ። የመዝጊያዋ ጆሮ ዞራለች። አልጋው ላይ ዓለሚቱ ሕፃኑን አቅፋ ተኝታለች፤ ጉንጯ ፍም መስሏል። «ዓለሚቱ!» ቢል አልመለሰችም። ወዘወዛት፤ አንገቷ ዝልፍልፍ አለ። ያን ጊዜ አድማሱ በሕይወቱ ፈርቶት የማያውቀውን ፍርሃት ፈራ። የመዝጊያዋን ጆሮ በባዶ እጁ ቢያዞራት መዳፉን ጠበሰችው፤ አልተሰማውም። ሚስቱን ከነልጇ ብድግ አድርጎ ወደ በሩ ዞረ።

አማቱ እየተንገዳገዱ ተነሥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ወዴት ነው? አራስ በበረዶ?»

«ከሰሉ መቷታል እሜቴ! አየር ታግኝ!»

«አብደሃል! ታላቂቱን ብርድ በልቶብኛል፤ ይችን አላስበላም!» ብለው መቃኑን በሁለት እጃቸው ያዙ። ታላቂቱ የዓለሚቱ እህት ፋንቱ ናት፤ አድማሱ ዓለሚቱን ከማግባቱ በፊት እስቴ በአራስነቷ ሞታለች።

«አይሆንም!» አለ አድማሱ። «ዞር ይበሉ!»

ዞር አላሉም። በትከሻው ገፋቸው፤ አማቱን ገፋቸውና ወጣ።

ዓለሚቱን ከዝናቡ ውስጥ አጋደማት። የበረዶው ጠጠር ፊቷ ላይ ይወርዳል። መጀመሪያ ሕፃኑ ነው የጮኸው። እሷ ግን ዝም አለች፤ እሱ ስሟን እየጠራ ማርያምን ለመነ፣ ደረቷን አሸ፣ ጉንጯን መታ። በመጨረሻ ትንፋሿ እንደ ሳግ ወጣ፤ አስታወካት፤ ዓይኗን ገልጣ «በረደኝ» አለች። አድማሱ ይህን ቃል ሰምቶ እንደ ሕፃኑ አለቀሰ።

ከቅዳሴ የሚመለሱት ሴቶች «ኧረ ጉድ! አራስ በዝናብ!» እያሉ ደረሱና ጋቢ ደራርበውላት ከነልጇ ወደ ጎረቤት ወሰዷት። አድማሱ ፍሙን አውጥቶ ከጭቃው ላይ ደፋው። አማቱ የሣሩ ጠፈጠፍ እየወረደባቸው ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጋቢውን አለበሳቸው። ይራገሙኛል ብሎ ጠብቆ ነበር።

«ፊቷ ምነው እንዲያ ቀላ?» አሉት።

«ከሰሉ ነው እሜቴ። መውጫ ሲያጣ ፊት ያቀላል።»

አማቱ የጋቢውን ጫፍ በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«ፋንቱም ቀልታ ነበር» አሉ። «የተኛች እንጂ የሞተች አትመስልም ነበር፤ ‘ደሟ እንኳ ሳይሄድ’ እያልን አለቀስንላት። ውርጭ ነበር ያን ለት። ፍም በገል አድርጌ ከአልጋዋ ሥር አስገባሁላት። በሩንም ብርድ እንዳይገባባት እኔው ደፈንሁት።»

አድማሱ ምን ሊመጣ እንደሆነ ገባውና እንዳይጠይቁት በሆዱ ለመነ።

«የሷ ግን ብርድ ነበር። አይደለም አድማሱ? ብርድ ነበር በለኝ።»

እኒህ ሴት ልጃቸውን ቀብረው ይህን ሁሉ ዘመን ብርድን ሲረግሙ ኖረዋል፤ አሁን ማንን ይርገሙ?

«አዎ እሜቴ» አለ። «የፋንቱ ብርድ ነበር።»

እመት ወለተ ሚካኤል ቀና ብለው ዓይኑን ፈለጉት። እሱ መሬት መሬቱን አየ።

«አንተ አዎ ማለት ልማድህ ነው» አሉት። «እምቢ ያልኸኝ ዛሬ በሩ ላይ ብቻ ነው። እሱ ነበር እውነቱ።» ከዚያም ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና፣ ከቤት ሬሳ እንደ ወጣ ሁሉ ደረታቸውን እየመቱ፣ «ፋንቱዬ፣ ፋንቱዬ» እያሉ እንደ አዲስ ሙሾ አወረዱ።