ኦፔኖ የተሻገረችበት ቀን

ማክሰኞ መጋቢት 11 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ኦቻላ የመጨረሻውን ማስታወቂያ በሥልጠና ክፍሉ በር ላይ ለጠፈ። በሳምንቱ ወባ ገደለው።

በየማክሰኞው ይለጥፍ ነበር። እሱ ከመጻሕፍት፣ እኔ ደግሞ ከእሱ ተምረን የሠራነው የጠፈር የኮምፒውተር ጨዋታ ነበረን፤ ተጫዋቾቹ ዐሥራ አንድ ናቸው። ማስታወቂያው በሳምንቱ የተሠራውን ይነግራቸዋል። «ጨረቃዋ መዞር ጀምራለች። ኛጋይ በግድግዳ የምታልፍበት ቀዳዳ ተደፍኗል፤ ከእንግዲህ እንደ ሰው በበር ትግባ።» ከተጫዋቾቹ አንዷ የሆነችው ኛጋይ ይህን አንብባ ሁለት ቀን አኮረፈችው።

አንድ ኮምፒውተር ሰማዩን ሁሉ መሸከም ሲያቅተው ኦቻላ ለሁለት ከፈለው። አንዱ ሰርቨር ኒውላንድ ሰፈር፣ በቤተክርስቲያናችን የሥልጠና ክፍል ቀረ። ሌላው ከባሮ ድልድይ ማዶ፣ ኦቻላ በሚሠራበት ቢሮ ውስጥ ተቀመጠ። የሚገናኙት በስልክ መስመር ነው። ችግር የሆነብን ድንበሩ ነበር። መርከብ ከአንዱ ሰማይ ወደ ሌላው ስታልፍ ትጠፋለች፤ ይኼኛው ሰርቨር ይለቃታል፣ ያኛው አይቀበላትም።

ኦቻላ የአኙዋክ ጀልባ ቀዛፊ ልጅ ነው። ማዶ ያለው ሰው የጀልባዋን ጫፍ ሳይዝ ወዲህ ያለው አይለቅም ብሎ ፕሮግራሙን እንደገና ጻፈው። አሁን ደግሞ መርከቧ ሁለት ሆና በሁለቱም ዳር ታየች። ሳቅሁበት።

«እናንተ ኑዌሮች ከከብት በቀር ምን መሻገር ታውቃላችሁ?» አለኝ።

የመጨረሻው ማስታወቂያ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «በሚቀጥለው ሳምንት እንሻገራለን።» ለሙከራ ያቆመው የራሱን መርከብ ነበር፣ ድንበሩ አፍ ላይ። ስሟ ኦፔኖ ነው፤ አኙዋኮች ባሮን የሚጠሩበት ስም።

ዲስኩ ጠባብ ስለሆነ፣ ባለቤቷ ሠላሳ ቀን ያልገባባት መርከብ ትሰረዛለች። ሕጉን ያወጣው ኦቻላ ነው። ለወዳጅም ቢሆን እንዳላላላው ቃል አስገብቶኛል። ከቀብር ስመለስ ቆጠርሁ፤ ለኦፔኖ የቀራት ሃያ ሁለት ቀን ነበር። የይለፍ ቃሉን አውቀዋለሁ። ነገር ግን በሞተ ሰው ስም መግባት ስርቆት መሰለኝ፤ ስለዚህ ወደ ታላቅ እህቱ ወደ አኬሎ ሄድሁ።

በእኛ በኑዌሮች ዘንድ ሰው ልጅ ሳይወልድ ከሞተ ወንድሙ በሟቹ ስም ሚስት እንደሚያገባ፣ ልጆቹም የሟቹ ልጆች እንደሚባሉ ነገርኋት። እኔም በኦቻላ ስም ልግባ፣ ሥራውንም በስሙ ልሥራ ብዬ ለመንኋት። ልብስ እያጣጠፈች ነበር። የእሱ ሸሚዞች ናቸው።

«አንተ ወንድሙ ነህ?»

«አይደለሁም፣ እህቴ።»

«በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም» አለች። አንዱን ሸሚዝ ፈትታ እንደገና አጠፈችው። ከዚያ፣ «ስሙን ስትጽፍ ግን አስተካክለህ ጻፈው። እሱ ይቸኩል ነበር» አለችኝ።

በማግስቱ በስሙ ገባሁ። ኦፔኖ አለች፤ ሠላሳው ቀንም ከአንድ ጀመረ። የቀረኝ መሻገሩ ነው።

መፍትሔው የመጣልኝ ኦቻላ ከቀለደበት ከከብቱ ነው። ከብት ስናሻግር ማዶ ያለው ሰው ላሟን በስሟ ጠርቶ ደረሰች እስኪል ድረስ ወዲህ ያለው ከቁጥሩ አያወጣትም። ሲሰማ ግን ያኔውኑ ያወጣታል፤ አንዲት ላም በሁለት ሰው አትቆጠርም። የኦቻላ ፕሮግራም መያዙን እንጂ መጥራቱን አያውቅም ነበር። ማዶ ያለው ሰርቨር የመርከቧን ስም መልሶ እንዲልክ፣ የእኛም ስሙን እንደተቀበለ እንዲለቅ አድርጌ ጻፍሁት። ዐሥራ ስድስት ቀን ፈጀብኝ።

አኬሎን ድልድዩን አሻግሬ ቢሮው ውስጥ አስቀመጥኋትና ወደ ኒውላንድ ተመለስሁ። ኦፔኖን ገፋኋት። ከእኔ ስክሪን ጠፋች። በእግሬ ድልድዩን አቋርጬ ስደርስ አኬሎ ከወንበሩ አልተነሣችም።

«አንድ ናት» አለችኝ። «ሁለት ጊዜ ቆጠርኋት።»

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ የለጠፍሁት ማስታወቂያ «ተሻግረናል» ይላል፤ ከሥሩ ያለው ስም የኦቻላ ነው፣ ተስተካክሎ የተጻፈ።

በ1994 ክረምት የሥልጠና ክፍሉ ጣሪያ አፍስሶ የኒውላንዱን ሰርቨር አበላሸው። እስከዚያ ድረስ ስልሳ ሁለት ማስታወቂያ በኦቻላ ስም ወጥቷል።