የእጅጌው ቪዲዮ

ሃጂራ ልብስ መስፋት የተማረችው ከአባቷ ነው። እሳቸው ሲሞቱ ቅዳሜ ገበያ ያለውን ሱቅ ታላቅ ወንድሟ ዐብዱልከሪም ተረከበ። እሱ ከፊት ጨርቅ ይሸጣል፤ እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ትሰፋለች። ሥራዋን የሚያውቁ ሙሽሮች ከአይከል ድረስ ይመጡባት ነበር። በተለይ እጅጌ ስትገጥም ትከሻው ላይ ምንም መጨማደድ አይታይም።

ኢንተርኔት ላይ ስፌት ላስተምር ብላ የተነሣችው በ2009 ዓ.ም. ነው። የውጭ አገር ሴቶች የሚያስተምሩባቸውን ቪዲዮዎች አይታ ነበር። ቋንቋቸው አይገባትም፤ ጨርቃቸውም ጎንደር ገበያ ውስጥ የለም። «በአማርኛ የሚያስተምር ቢኖር እኮ የስፌት መኪና ገዝታ ቤቷ ያስቀመጠች ሴት ሁሉ ትሰፋበት ነበር» አለችው ለወንድሟ።

ዐብዱልከሪም ሐሳቡን አልጠላውም፤ ግን አንድ ነገር ከለከላት። «ፊትሽ እንዳይታይ። እጅሽን ብቻ አሳዪ። የማንም መነጋገሪያ እንድትሆኚ አልፈልግም።»

«እሺ፣ ወንድምዓለም» አለች።

ስልኩን ይዛ የምትቀርጽላት ጎረቤቷ መቅደላዊት ነበረች። የመሪጌታ ልጅ ናት፤ ያሰበችውን ሳትናገር አታድርም። የመጀመሪያዎቹን ቪዲዮዎች ሲለቁ ሁለቱም ብዙ ጠብቀው ነበር። የሚመለከታቸው ግን ዘመድ ብቻ ሆነ፤ ዘመዱም አይቆይም። ቻናሏ ላይ ተመልካች የት ላይ ትቶ እንደሚሄድ በሥዕል የሚያሳይ መስመር አለ፤ የሃጂራ መስመር ገና ከመጀመሩ እንደ ሊማሊሞ ቁልቁል ይወርዳል።

«ምነው? ምን አጠፋሁ?» አለች ሃጂራ።

«ሰላምታሽ አያልቅም!» አለች መቅደላዊት። «ያገሩን ሰው ሁሉ ትጠይቂያለሽ፣ ታመሰግኛለሽ፣ ከዚያ ጨርቁን ታስተዋውቂያለሽ። አንቺ መቀስ እስክታነሺ የአባቴ ተማሪዎች ዳዊት ደግመው ይጨርሳሉ።»

ሃጂራ ተከፋች፤ ቢሆንም ቪዲዮውን መልሳ ስታየው እውነት ሆኖ አገኘችው። ስለዚህ ሰላምታውን ቆረጠችና የምትኮራበትን ሥራ፣ የእጅጌ አገጣጠም፣ ለማሳየት ወሰነች። ሳምንታት ፈጀባቸው። ክረምት ነበርና ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ድምጿ አይሰማም። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ብርሃኑ ይጠፋል። ያማረ እጅጌ ገጥማ ስትጨርስ መቅደላዊት «ስልኩ ሞልቶ ቆሟል፣ አልቀረጸም» ትላታለች፤ ሃጂራም ጥርሷን ነክሳ ስፌቱን ተርትራ እንደገና ትጀምራለች። በመጨረሻ ግን ተሳካ። መቅደላዊት ያለቀውን ቀሚስ ለብሳ ስትሽከረከር ሃጂራ ለጨዋታ ከአንገት በታች ቀርጻት ነበር፤ እሱን «ለትምህርቱ ምን ይጨምራል?» ብላ ሳታስገባው ቀረች።

የስልክ ኢንተርኔት በዚያ ሰሞን አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። ስለዚህ የተቀረጸውን ሁሉ ከስልኩ ወደ ፍላሽ አዛውራ ፒያሳ ወዳለው የመለሰ ኢንተርኔት ቤት ሄደች። ቪዲዮው ግማሽ ላይ ይደርስና ኮኔክሽኑ ይቋረጣል፤ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ስትናደድ ያያት መለሰ «ፍላሹን ተይልኝና ሂጂ፤ መስመሩ ሲሻል እኔ እጭንልሻለሁ» አላት። አመስግናው ሄደች። በማግስቱ ስትጠይቀው «ገና ነው» አላት፤ በሌላው ቀንም እንደዚያው። ከሰነበተ በኋላ «ተጫነልሽ» አላትና ፍላሿን መለሰላት። ጥቂት ሰዎች ተመለከቱት፤ ከዚያ ጸጥ አለ።

በወሩ ገደማ አንዲት ሙሽራ ከአይከል መጣች። ሃጂራ ልኳን ስትወስድላት ሙሽራዋ ስልኳን አወጣች። «እጅጌውን እንደዚህ አርጊልኝ። ይሄን ቪዲዮ እኛ አገር ያላየው የለም።»

ሃጂራ ስልኩን ተቀብላ አየች። ጨርቁ የእሷ ነው፣ ጠረጴዛው የእሷ ነው፣ እጆቹ የእሷ ናቸው። የቻናሉ ስም ግን ሌላ ነው። ድምጿ ጠፍቶ ዘፈን ገብቶበታል፤ የተናገረችው ሁሉ በጽሑፍ ሆኗል። ከሥሩ የምስጋና መዓት ተደርድሯል። አንዷ «እጆቹ የማን ናቸው?» ብላ ጠይቃለች። «የኛው ባለሙያ ናት» የሚል መልስ ተሰጥቷታል። ቪዲዮው የሚጀምረው ደግሞ መቅደላዊት ቀሚሱን ለብሳ ስትሽከረከር ነው። ያ ቁራጭ ከፍላሹ በቀር የትም አልነበረም።

ሃጂራ ልክ መውሰዱን ትታ ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ፒያሳ ደረሰች።

«መለሰ፣ ሥራዬን ሰረቅኸኝ!»

መለሰ ደንበኞቹን ዞር ብሎ አየና ድምጹን ቀነሰ። «ምነው እህቴ፣ ቀስ በይ እንጂ። ያንቺን ማን አየው? ማንም! ሰው መጨረሻውን አስቀድሞ ካላየ አይቆይም። አንቺ ጨርቅ በማንጠፍ ትጀምሪያለሽ፤ እኔ ቀሚሱን አስቀደምኩ። የተወደደው በኔ ሥራ ነው።»

«እጁስ? እጁም ያንተ ነው?»

«እጅ እጅ ነው፤ የማን እንደሆነ ማን ያውቃል?»

ሃጂራ ጥላው ወጣች። ከመቅደላዊት ጋር ሆነው መዝገበ ቃላት እያገላበጡ ለድረ ገጹ በእንግሊዝኛ አቤቱታ ጻፉ። መለሰም በበኩሉ እሷን ከሰሰ። ቀድሞ የጫነው የራሱን ነበር፤ ለካ «ገና ነው» ሲላት የከረመው ለዚህ ነው። እሱ ቀዳሚ ሆኖ ተገኘና የሃጂራ ቪዲዮ «የሌላ ሰው ሥራ» ተብሎ ተነሣ። መልእክቱን ስታነብ እንባዋ ቀደማት፤ ያስለቀሳት ግን ሐዘን ሳይሆን ንዴት ነበር። ለንዴቷ መውጫ አጥታ መጋረጃውን ይዛ ጎተተችው፤ ከነብረቱ ወደቀ።

ዐብዱልከሪም ደንግጦ ሲመጣ ሁሉን ነገረችው። እሱም ተነሥቶ ፒያሳ ሄደ። ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል። «‘እህትህ መሆኗን በምን ታውቃለህ?’ አለኝ። እጅሽን እያየሁ፣ ያንቺ መሆኑን እያወቅሁ፣ አፌን ይዤ ተመለስኩ።»

«እጅ ብቻ ስለሆነ እኮ ነው» አለች ሃጂራ። «ፊቴ ቢኖርበት ኖሮ ምን ያደርገው ነበር?»

ወንድሟ ወደ ጨርቁ ተመለሰ።  ዓርብ ከመስጊድ ሲመለስ ግን የወደቀውን መጋረጃ መስቀል ጀመረና ወደ እሷ ሳይዞር «ሂጃብሽን አስተካክለሽ ፊትሽን አሳይተሽ ተቀረጪ» አላት። «ሱቁም ይታይ። አባታችን ያስተማረሽ ሥራ መሆኑንም ተናገሪ።»

ፈቃዱን ስታገኝ የምትደሰት መስሏት ነበር። ካሜራው ፊት ስትቆም ግን ምላሷ ታሰረ። «እንደ መታወቂያ ፎቶ ደርቀሻል» እያለች መቅደላዊት አሥር ጊዜ አስቆመቻት። ሃጂራን ከሁሉ የከነከናት ደግሞ አጀማመሩ ነበር። ቀሚሱን ማስቀደም እንደሚሻል አሁን ገብቷታል፤ የገባት ግን ከሌባ አፍ ነው። ቀሚሱን ስታሳይ የመለሰን ፈገግታ የምታይ ይመስላታል። ቢሆንም አስቀደመችው። ከዚያ ስሟን ተናገረች፤ እየቆረጠች፣ እየሰፋች፣ ፊቷም እጇም እየታየ አስተማረች። ለመጫን አዘዞ ወዳለ ሌላ ኢንተርኔት ቤት ሄደች፤ እስኪያልቅ ከኮምፒዩተሩ ፊት አልተነሣችም።

ቪዲዮው በተለቀቀ በሳምንቱ የተመልካቹን መስመር ከፈቱት። ቁልቁል አልወረደም፤ ከገቡት ሰዎች አብዛኞቹ እስከ መጨረሻው ቆይተዋል። የገቡት ግን መለሰ ካገኘው ጋር አይወዳደሩም። አስተያየቶቹን ሲያነቡ ደግሞ ከላይ የተቀመጠው «ይሄን ከሌላ ቻናል ሰርቀሽ ነው፤ አታፍሪም?» ይላል።

«አንቺ አምላክ የማትፈሪ!» ብላ መቅደላዊት ስልኩ ላይ ጮኸች። «ስጪኝ እኔ ልመልስላት!»

ሃጂራ ራሷ መጻፍ ጀመረች። ጻፈች፣ አጠፋች፣ ደግማ ጻፈች። ነገሩን ከሥሩ ልታስረዳ ብትሞክር ረዘመ፤ ብታሳጥረው ስድብ ሆነ። ሁሉንም አጥፍታ ወደ ታች ወረደች።

ከዛሪማ የጻፈች ብርቄ የምትባል ሴት ነበረች። «እትዬ ሃጂራ፣ እንዳልሽው ገጠምኩት፤ ያምራል። ግን ክንዴን ሳነሣ ትከሻዬን ይዞ ይጎትተኛል። ምን አጥፍቼ ነው?»

«አላጠፋሽም!» አለች ሃጂራ ጮክ ብላ፣ ሴትዮዋ አጠገቧ ያለች ይመስል። «እኔ ነኝ እንጂ! ብብቱ ላይ ትንሽ ትርፍ ጨርቅ መተው እንዳለባት ሳልናገር ቀረሁ። እንዴት ይሄን እረሳለሁ?» በራሷ ተናዳ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረች። ከዚያ መልሳ አነሣችና የክንዷን ልክ እንድትልክላት ጻፈችላት።

«ወንድምዓለም» አለች ወደ ፊተኛው ክፍል እየሄደች፣ «ጨርቅ ቁረጥልኝ። እንደገና እንቀርጻለን።»

«ሌላ ጨርቅ? ሱቁን ልትጨርሺው ነው እንዴ?» አለ ዐብዱልከሪም። እያጉረመረመ ከመደርደሪያው ጥቅሉን አወረደ።